እማዬ ካዛንቺስን ታውቃለች፣ የራሷን ብሎክ ግን አታውቅም

የዚህ ወር ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠራሩ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ሦስቱም የሚያርፉት አንጎል ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሰፈር ላይ ነው። ለአዲስ አንባቢዎች ልንገራችሁ፤ ሐኪም አይደለሁም። ለነርስ ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሰባት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ዛሬ ሁለቱም ሥራዬ ያስፈልገኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እማዬ 76 ዓመቷ ነው። ካዛንቺስ ተወልዳ፣ እዚያው ወልዳ ከብዳ የኖረች ሰው ናት። ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። ዓመት ሊሞላን ነው። ባለፈው ወር ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠፋችብን። የእኛ ብሎክ 17 ነው። እሷ የተገኘችው ብሎክ 23፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰው በር እያንኳኳች ነው። «ቤቴን ቀየሩብኝ» አለች። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ማታ ቁጭ ብለን ከድሮ ቤታችን እስከ ኡራኤል በየት በየት እንደሚኬድ ስጠይቃት አንድ አትስትም። የማንን አጥር ታልፊያለሽ፣ የቱ ቦይ ጋ ትታጠፊያለሽ፣ የቱ ጋ ውሻ አለ፣ ሁሉንም ትነግረኛለች። ታላቅ ወንድሜ «ታስመስላለች፣ እዚህ መኖር ስላልፈለገች ነው» ይላል። ጎረቤት ጠበል ውሰጃት ይለኛል። ሰው እንዴት የፈረሰውን ሰፈር አስታውሶ የቆመውን ቤት ይረሳል?
(የእናቷ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ

እህቴ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። እናታችሁ አያስመስሉም። እንዲህ አሳምሮ ማስመሰል ራሱ ጥሩ የማስታወስ ችሎታ ይፈልጋል።

አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ። በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ኢ.ፒ. እየተባለ በሁለት ፊደል የሚጠራ አሜሪካዊ ነው። በ1992፣ በ70 ዓመቱ፣ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ አንጎሉ ውስጥ ገባ። ከንፈር ላይ ወጥቶ «ምች ነው» የምንለው ቁስል መንስኤ እሱ ነው። አንጎል ውስጥ የሚገባው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከንፈርሽን እያየሽ አትጨነቂ። ሰውየው ተረፈ። ያወራል፣ ይቀልዳል፣ እንግዳ ያከብራል። አዲስ ነገር ግን አንድም አይይዝም። አሁን ያጫወተሽን ታሪክ ከደቂቃዎች በኋላ እንደ አዲስ ይጀምርልሻል።

ከሕመሙ በኋላ፣ በ1993፣ እሱና ሚስቱ ቤት ቀየሩ። ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሲያጠኑት የነበሩት ላሪ ስኳየርና ኤድመንድ ቴንግ ታዲያ አንቺ ማታ ማታ የምታደርጊውን አደረጉ። ስላደገበት ሰፈር ጠየቁት፤ ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ሄይዋርድ አካባቢ ነው። ከዚህ ቦታ ወደዚያ ቦታ በየት ትሄዳለህ? ዋናው መንገድ ቢዘጋስ በየት ትዞራለህ? እዚህ ቆመሃል እንበል፣ ያኛው በየት በኩል ነው? ሰውየው ሁሉንም መለሰ። እዚያው አድገው እንደ እሱ ወደ ሌላ ቦታ ከሄዱ ጤነኛ እኩዮቹ አላነሰም። ከዚያ አሁን ስለሚኖርበት ሰፈር ጠየቁት። ዓመታት ኖሮበታል። ምንም አላወቀም። ጥናቱ በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። እኔ ለተማሪዎቼ ሳወራው ሁልጊዜ አንድ ሰው እጁን ያወጣና «የእኔም አያት እንዲህ ናቸው» ይላል።

ቫይረሱ የበላው የቱን ክፍል ነው? ጣትሽን ከጆሮሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ያዢ። በዚያ ትይዩ ያለው የአንጎል ክፍል ቴምፖራል ሎብ ይባላል። ከላይ የሚነካው አይደለም የሚያስፈልገን፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ መሐል የተጠጋው ጎኑ ነው። እዚያ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሂፖካምፐስ አለ። የትንሽ ጣት ያህላል። ስሙ በግሪክ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፣ ቆልመም ስለሚል። ከአጠገቡ እንደ በረኛ ሆኖ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ክፍል ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ይባላል።

ብዙ ሰው ሂፖካምፐስን የትዝታ መጋዘን አድርጎ ያስበዋል። እኔ በክፍል ውስጥ የቀበሌ መዝገብ ቤት ሹም ነው እላለሁ። አዲስ ፋይል ያለ እሱ ፊርማ አይከፈትም። ፋይሉ ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይኖርም። እየተወጣ፣ እየታየ፣ እየተመለሰ ዓመታት ሲያልፉ ሌሎች ቢሮዎች ኮፒ ይይዛሉ። ሹሙ ቢታመም የድሮው ፋይል ከሌሎቹ ቢሮዎች ይገኛል። አዲስ ግን አይከፈትም። የእናትሽ ካዛንቺስ የ70 ዓመት ፋይል ነው፤ ያልተገለበጠበት ቢሮ የለም። ብሎክ 17 ገና ማኅተም እየጠበቀ ነው።

ይህ ነገር የታወቀው በአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌሰን ይባላል፤ እስኪሞት ድረስ ዓለም የሚያውቀው ኤች.ኤም. በሚል ፊደል ብቻ ነበር። የሚጥል በሽታ ነበረበት። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ኮነቲከት ውስጥ ሐርትፎርድ ከተማ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም ይህንኑ የአንጎል ክፍል ከሁለቱም ጎን ቆርጦ አወጣለት። የሚጥለው ቀለል አለለት። አዲስ ትዝታ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተመዘገበም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሞንትሪያል እየመጣች ዓመታት አጠናችው። በመጣች ቁጥር ራሷን እንደ አዲስ ታስተዋውቃለች።

አንድ ቀን እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ በወረቀት ላይ የኮከብ ቅርጽ ተከትሎ እንዲስል አደረገችው። ሞክሪው፣ እጅሽ ወደማታዢው ይሄዳል። ሄንሪ ለሦስት ቀን ተለማመደ። እጁ እየተሻሻለ ሄደ። ልምምዱን ግን አንዴም ማድረጉን አያስታውስም። እጅ የሚማርበት መንገድ ሌላ ነው፣ ልብ የሚያስታውስበት ሌላ ነው ማለት ነው።

ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ይሄኛው ነው። ሄንሪ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከወላጆቹ ጋር ወደ ሌላ ቤት ገብቶ ብዙ ዓመት ኖረ። በኋላ የዚያን ቤት ክፍሎች አቀማመጥ በወረቀት ላይ መሳል ችሏል። ሳሎኑ የት፣ መኝታ ቤቱ የት። ማንም አልጠበቀውም ነበር። በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ በእግሩ እየተመላለሰ ነው የያዘው። ኢ.ፒ.ም እንደዚያው ነው። በሰፈሩ አንድ ዙር ብቻውን እየዞረ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቤትህ የት ነው ብትዪው አያውቅም። እግሩ ግን በሩ ላይ ያደርሰዋል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ዳቦ መግዣው አንድ ይሁን። መንገዱም አንድ ይሁን፤ «ዛሬ በዚህ እናቋርጥ» የሚባል ነገር ይቅር። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት አብራችሁ ውረዱ፣ አብራችሁ ውጡ። መንገዱ ላይ አትፈትኚያቸው፣ «የቱ ነው የእኛ በር?» እያልሽ አታስጨንቂያቸው። የተሳሳተው መልስ ራሱ ይለመዳል። ሁልጊዜ ትክክለኛውን ይራመዱት።

በሩ ላይ ደግሞ ምልክት ያስፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ችግር ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። እኔም አንድ ማታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሰው በር በቁልፌ ስታገል ሰውየው በፒጃማ ከፍቶልኛል። «ጋሼ አንድ ይቀርዎታል» አለኝ። ያን ጊዜ 50 ዓመት አልሞላኝም። ከካዛንቺስ ያመጣችሁት መጋረጃ ካለ በሩ ላይ ስቀዪው። መጋረጃው የድሮው ፋይል ውስጥ አለ። ቁጥር ግን የለም፤ 17 እና 23 ለእሳቸው ምንም አይደሉም። ስልክ ቁጥርሽን ጽፈሽ ቦርሳቸው ውስጥም ነጠላቸው ላይም አድርጊ።

አሁን የማትወጅውን ልናገር። ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፣ ሳይውል ሳያድር። አልዛይመር ነው አላልኩም። በእርግጥ አልዛይመር በብዙዎች ላይ ጉዳቱን የሚጀምረው ከዚያው ከበረኛው፣ ከኢንቶራይናል ኮርቴክስ ነው። አዲስ ቦታ ላይ መጥፋት ቶሎ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን እንቅርት እጢ ሲደክም፣ ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲኖር፣ የእንቅልፍ ኪኒን ሲበዛም ሽማግሌ ሰው ግራ ይጋባል። ኀዘንም እንዲሁ። በ76 ዓመት ከጎረቤት፣ ከማኅበር፣ ከደጀ ሰላም ተለይቶ መምጣት ቀላል አይደለም። እነዚህ ብዙዎቹ የሚታከሙ ናቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። «መቼ ጀመረ?» ሲሉሽ «ከገባን ጀምሮ» አትበዪ፤ ካዛንቺስ እያሉ ምድጃ ላይ ረስተው ያውቁ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁ እንደሆነ አስቢበት።

ጠበሉንም አልከለክልሽም። እሳቸው ከወደዱ ውሰጃቸው። ቀጠሮውን ግን አታስቀሪ።

ጥያቄ

ጋሽዬ፣ ሦስት ዓመት ራይድ ነድቻለሁ። አባቴ የላዳ ሹፌር ነበር፣ አዲስ አበባን እንደ ጓዳው ነው የሚያውቃት። እኔ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይ ቻርጅ ሲያልቅብኝ እንግዳ ነኝ። ትናንት ሃያ ጊዜ የሄድኩበት ቤት ጠፋብኝ። ተሳፋሪዋ ሳቀችብኝ። ማፑ አንጎሌን እያዛገው ነው?
(ባለ ቪትዝ፣ ከሳሪስ)

መልስ

አንተ ባለ ቪትዝ፣ አልሳቅኩም። ዲሲ እንደገባሁ አንዲት ሴትዮ «ስድስተኛና ሲ» ብላኝ ሰሜን ምሥራቅ ወስጃታለሁ። እሷ የፈለገችው ደቡብ ምሥራቅ ነው። ከተማዋ ለአራት ተከፍላ ያው ቁጥርና ያው ፊደል ይደጋገማል። እኔ ከአዲስ አበባ የሄድኩ ሰው ነኝ፣ አድራሻ ማለት «ከቶታሉ ወረድ ብሎ፣ ግራር ያለበት ግቢ» ነው። ሴትዮዋ ሳትከፍል ወረደች። ትክክል ነበረች።

ያን ጊዜ ስልክ አይመራም። በሽቦ የተጠረዘ የካርታ መጽሐፍ ነበረን፣ ቡና የፈሰሰበት። ሜትርም አልነበረም፣ ሒሳቡ በዞን ነው፤ ሜትር የገባው በ2008 ነው። እያደር ግን ከተማዋ ደግ ሆነችልኝ። አንድ አቅጣጫ ቁጥር ነው፣ አንድ አቅጣጫ ፊደል። ጄ የሚባል መንገድ የለም፣ ይዘለላል። ፊደሉ ሲያልቅ ሁለት ቀለም (ሲላብል) ያላቸው ስሞች በፊደል ተራ ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀለም ያላቸው። በዚህ ሁሉ ላይ በክፍለ ግዛት ስም የተጠሩ አውራ ጎዳናዎች ሰያፍ ይቆርጡታል። አንድ ክረምት ላይ ነቃሁ። ማለቴ፣ ካርታውን ሳልከፍት ከተማዋ ከላይ እንደ ሥዕል ታየችኝ። ያ ስሜት ምን እንደነበር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስለ ጆን ኦኪፍ ስማር ነው።

ኦኪፍ የአንጎል ተመራማሪ ነው፤ ለንደን ውስጥ ይሠራ ነበር። የአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ ፀጉር የመሰለ ሽቦ አስገብቶ አንዲት የነርቭ ሕዋስ ያዳምጣል። አይጧ በሳጥኑ ውስጥ ትሯሯጣለች። ሕዋሷ ዝም። አይጧ አንድ ጥግ ስትደርስ ጠጠጠጠ። ከዚያ ጥግ ስትወጣ ዝም። ሌላዋ ሕዋስ ደግሞ ሌላ ጥግ ላይ ትጮኻለች። በ1971 ነው ይህን ያሳወቀው። የቦታ ሕዋሳት እንበላቸው። በ2005 ደግሞ ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ውስጥ ሜይ-ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር በረኛው ክፍል ውስጥ ሌላ ዓይነት አገኙ። ይቺኛዋ ሕዋስ አንድ ቦታ ብቻ አትጮኽም፤ ወለሉ ላይ እኩል በተራራቁ ነጥቦች ሁሉ ትጮኻለች። ነጥቦቹን ብታገናኛቸው የማር እንጀራ ይወጣሃል፣ ባለ ስድስት ጎን። ማንም ያላሰመረውን መስመር አንጎል ራሱ ያሰምራል። ሦስቱ በ2014 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ሰው ላይስ? በ2003 ለሚጥል በሽታ ሕክምና ብለው አንጎላቸው ውስጥ ሽቦ የተቀመጠላቸው ሰባት ሕሙማን ኮምፒውተር ላይ ጌም ተጫወቱ። ጌሙ ምን መሰለህ፣ የታክሲ ሹፌር ሆኖ ተሳፋሪ እያነሱ ማድረስ ነው። ሂፖካምፐስ ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ብቻ የሚነሱ ሕዋሳት ተገኙ። ከአጠገቡ ባለው ክፍል ደግሞ አንድን ሕንፃ ሲያዩ የሚነሱ። «ቶታሉ ጋ» የሚለው እንግዲህ የራሱ ሠራተኛ አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ አባትህ ወገኖች፣ ወደ ለንደን። ለንደን ጥቁሩን ታክሲ ለመንዳት «ዕውቀት» የሚሉትን ፈተና ማለፍ አለብህ። ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ያሉ 25,000 ያህል መንገዶችን በቃል። ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪዎቹ በትንሽ ሞተር ሳይክል፣ ፊታቸው ላይ ወረቀት ሰክተው፣ በዝናብ ሲዞሩ ይታያሉ። ኤሊነር ማግዋየር የተባለች የአንጎል ተመራማሪ በ2000 የ16 ሹፌሮችን አንጎል በኤምአርአይ አየች። የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ይበልጣል። ብዙ ዓመት በነዱ ቁጥር ይበልጥ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ይጠይቃል፤ ድሮውንም እንዲህ ዓይነት አንጎል ያላቸው ናቸው ወይ ሹፌር የሚሆኑት? እሷም ጠይቃለች። የአውቶቡስ ሹፌሮችን አነጻጸረች። እነሱም ለንደን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይነዳሉ፣ ግን በተወሰነ መስመር። እነሱ ላይ ያ ለውጥ የለም። ከዚያ በ2011 ፈተናውን ሊጀምሩ ያሉ 79 ሰዎችን ከመጀመሪያው ያዘች። ያለፉት 39 ናቸው። ሲጀምሩ ሁሉም እኩል ነበሩ። ሲጨርሱ የኋላው ክፍል ያደገው ያለፉት ላይ ብቻ ነው።

በነጻ የተገኘ አይደለም ታዲያ። የሹፌሮቹ የሂፖካምፐስ የፊት ክፍል ከሌላው ሰው ያነሰ ነው። ውስብስብ ሥዕል አይተው ቆይተው ከትዝታ ሲስሉም ከሌሎች ያንሳሉ። እኔ ይሄ ደስ ይለኛል። የአባትህ ወዳጆች የሚስታቸውን የልደት ቀን ቢረሱ ምክንያት አገኙ ብዬ ሳይሆን፣ አንጎል ቦታው እንደ ኪስ ውስን መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ስለ ማፑ የጠየቅከኝ ላይ ደርሻለሁ። በ2017 ለንደን ውስጥ 24 ሰዎች ሶሆ የተባለውን ጠባብ ሰፈር በምስል እንዲጓዙ ተደረገ። ራሳቸው መንገድ እየመረጡ ሲሄዱ አዲስ መንገድ ላይ በገቡ ቁጥር ሂፖካምፐሳቸው ይነሳል፤ መታጠፊያው በበዛ ቁጥር ይበልጥ። «ወደ ግራ ታጠፍ» እየተባሉ ሲሄዱ ዝም ነው። ዝገት አይደለም ያንተ። ሥራ ፈት ነው። ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ ትነግርሃለች፣ አንተ መሪ ታዞራለህ። ሃያ ጊዜ የሄድከው አንተ ሳትሆን ስልክህ ነው።

ስልኩን ጣል አልልህም፣ እንጀራህ ነው። ከመነሳትህ በፊት ግን ካርታውን ሰፋ አድርገህ እየው፣ ሙሉ መንገዱን። በየት እንደምታልፍ ለራስህ ንገር፣ ከዚያ ድምፁን ዝጋ። ስትሳሳት ይመልስሃል። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ፈረንጅ የሌለው ኮምፓስ አለው። እንጦጦ ላይ ነው፣ አቃቂ ታች ነው። በየመታጠፊያው «እንጦጦ በየት በኩል ነው?» ብለህ ጠይቅ። አባትህን ደግሞ አንድ እሁድ አስቀምጠህ ንዳው፤ ማፕ ዘግተህ፣ እሱ አፍ ሳይከፍት። የሚከፍት ይመስለኛል።

ስለ አባትህ አንድ ልጨምርልህ። ቲ.ቲ. በሚል ፊደል የሚታወቅ የለንደን ታክሲ ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ የነዳ ሰው። ሂፖካምፐሱ በሁለቱም ጎን በሕመም ተጎዳ። በ2006 የወጣ ጥናት ነው። በኮምፒውተር በተሠራ ለንደን ውስጥ ሲያስነዱት ዋና ዋናዎቹን መንገዶች በደንብ ነዳ። ወደ ውስጥ፣ ወደ ጠባቡ መንገድ መግባት ሲኖርበት ግን ጠፋ። ከላይ ያለችው እህቴም ይህን ታንብብ። ኢ.ፒ. የድሮ ሰፈሩን ያውቃል ብዬ ነገርኳት፤ እውነት ነው። የድሮው ካርታ ከነቅያሱ ሙሉ በሙሉ ያለ ሂፖካምፐስ ይኖራል ወይስ አጥንቱ ብቻ ነው የሚቀረው የሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ። እናቷ ቦዩን ሳይቀር ማስታወሳቸውን እኔ ጥሩ ምልክት ነው ብዬ እይዘዋለሁ።

ጥያቄ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባዮሎጂ ሽምደዳ ገደለኝ። የሚያስታውስ መድኃኒት አለ?
(ኤ.ቢ.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ

የለም። ገበያ ላይ «አለ» የሚልህ ካለ ብርህን ያዝ።

ያለው ይሄ ነው። ትዝታና ቦታ አንድ የአንጎል ክፍል ውስጥ መኖራቸው በአጋጣሚ አይደለም። «ሐሙስ ምሳ ምን በላህ?» ብልህ መጀመሪያ የሚመጣልህ የት እንደነበርክ ነው፣ ሽሮው ቀጥሎ ነው። ይህን ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሰዎች ተጠቅመውበታል። በደንብ የምታውቀውን መንገድ ትመርጥና የምታጠናውን ነገር በየቦታው ታስቀምጣለህ። ፈተና ላይ መንገዱን በልብህ ትሄድበታለህ። ማግዋየር በትዝታ ውድድር የታወቁ ሰዎችንም አጥንታለች። ጭንቅላታቸው ከሌላው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። አብዛኞቹ ይሄንኑ የመንገድ ዘዴ ነው የሚጠቀሙት።

እኔ 12ቱን የራስ ነርቮች ያጠናሁት ከቤቴ እስከ ታክሲ ተራ ባለው መንገድ ነው። የመጀመሪያው የማሽተት ነው፣ ቡና ከምትቆላው ልጅ ደጃፍ አስቀመጥኩት። ሁለተኛው የማየት፣ መነጽር ቤቱ ላይ። አምስተኛው ፊትንና መንጋጋን የሚያገለግለው ነው፤ ጸጉር ቤቱ ውስጥ፣ አንድ ሰውዬ ጢሙን ሲላጭ። ስምንተኛው የመስማት፣ ሙዚቃ ቤቱ። አሥራ ሁለተኛው ምላስን የሚያንቀሳቅሰው፣ መጨረሻ ላይ ካለው ሥጋ ቤት መንጠቆ ላይ፣ አንድ ትልቅ የበሬ ምላስ። ያስቀመጥከው ነገር ባሳቀህና ባስገረመህ ቁጥር ይሻላል። ተራውን አትዝለል፣ ወደ ኋላም ሞክረው።

ያ መንገድ አሁን የለም፤ ሰፍቶ አስፋልት ሆኗል። ሥጋ ቤቱም ፈርሷል። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ አሥራ ሁለተኛውን ስትጠይቀኝ ግን ዓይኔ የሄደው ወደ መንጠቆው ነው።